ዘንበል ያለው ካሜራ፤ የአሌክሳንድር ሮድቼንኮ ሕይወት

ከበደሌ ወደ መቱ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘውን ያዮን የሚያውቅ የሙያ ባልደረባ፣ በዚያ ደን ውስጥ ሰውን ፎቶግራፍ ማንሣት ምን ያህል እንደሚያስቸግር አይጠፋውም። በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት የተመዘገበው ይህ ደን፣ ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት፣ መሬቱም ወደ ገባ ወንዝ የሚያዘቀዝቅበት ነው። ቁልቁለት ላይ ቆሞ አንዲት ቡና ለቃሚ የሚያነሣ ሰው የተስተካከለ አድማስ አያገኝም። ካሜራውን ከግንዱ ጋር ቢያቀና መሬቱ ይዘማል፤ ከመሬቱ ጋር ቢያስተካክለው ደግሞ ዛፎቹ የሚወድቁ ይመስላሉ። እንግዲህ ካሜራን ማዘንበል በእንዲህ ያለ ሥፍራ የቅንጦት ጉዳይ ሳይሆን ከመሬቱ ራሱ የሚነሣ ጥያቄ ነው። ይህንኑ ጥያቄ የዕድሜ ልክ ሥራው አድርጎ ከባድ ዋጋ የከፈለበት ሰው ሩሲያዊው አሌክሳንድር ሮድቼንኮ ነበር። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሮድቼንኮ በ1891 በሴንት ፒተርስበርግ ተወለደ። አባቱ በቲያትር ቤት የመድረክ ዕቃ ሠራተኛ፣ እናቱ ልብስ አጣቢ ነበሩ። በካዛን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ሥዕል ሲማር የኋላ የትዳር ጓደኛውን፣ ሠዓሊዋን ቫርቫራ ስቴፓኖቫን አገኘ። ከ1917ቱ አብዮት በኋላ በሞስኮ ስሙ ገነነ፤ በ1921 አንዱ በቀይ፣ አንዱ በቢጫ፣ አንዱም በሰማያዊ ብቻ የተቀቡ ሦስት ሸራዎችን ለሕዝብ አሳይቶ የሸራ ሥዕልን ተሰናበተ። ከዚያ ወዲህ ሙያውን ለመጽሐፍ፣ ለማስታወቂያና ለዕለት መገልገያ ዕቃ አዋለ። በ1923 ለገጣሚው ማያኮቭስኪ መጽሐፍ የፎቶግራፍ ቁርጥራጮችን እያጣበቀ ሥዕሎችን አዘጋጀ። በሚቀጥለው ዓመት ግን ሌሎች ባነሡት ፎቶግራፍ መሥራቱን ትቶ ራሱ ካሜራ ጨበጠ።

የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ ቀጥ ያሉ ነበሩ። በ1924 እናቱን፣ የታጠፈ መነጽሯን ወደ ዓይኗ አስጠግታ ስታነብ አነሣት፤ ማያኮቭስኪንም በግልጽና በማያወላውል አቋም አነሣው። በዚያን ጊዜ አብዛኛው ካሜራ በማቆሚያ ላይ የሚቆም፣ አለዚያም ከሆድ አጠገብ ተይዞ ከላይ የሚታይ ነበር። በ1928 ሮድቼንኮ የገዛው ላይካ ግን በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የሚሠራና ከዓይን ጋር የሚገጥም ትንሽ መሣሪያ ስለሆነ፣ ዓይን የሄደበት ሁሉ ለመሄድ ይችላል። ሮድቼንኮም ሰው ዓለምን በእምብርቱ ከፍታ ብቻ ሲያይ የሚያየው የለመደውን ነው፤ ከላይ፣ ከታችና ከጎን ሲያየው ግን እንደ አዲስ ይመረምረዋል እያለ በጽሑፍ ተሟገተ።

ይህን እምነቱን በሰው ፊት ላይ የፈተነው ከቤት ውጭ፣ በፀሐይ ብርሃን ነበር። በ1930 የፓዮኒር ልጆችን ሲያነሣ ካሜራውን ከአገጫቸው ሥር አድርጎ ወደ ላይ አዞረው፤ አንዲት ልጃገረድ ሽቅብ ስትመለከት፣ አንድ ልጅም መለከት ሲነፋ በሰማይ ጀርባ ላይ እንደ ሐውልት ገዝፈው ታዩ። በ1934 ደግሞ ላይካ ያንጠለጠለች ወጣት አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀምጦ አነሣ፤ የወንበሩ መስመር ፎቶግራፉን በሰያፍ ያቋርጣል፣ የጥላው መረብም ልብሷን ያለብሰዋል። በዘዴው ውስጥ ስሌት አለ። ስፋቱ 24 በ36 ሚሊ ሜትር የሆነው የላይካ ምስል ከጥግ እስከ ጥግ ሲለካ 43 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚደርስ፣ በሰያፍ የተቀመጠ ሰው ከሁለቱም ጎኖች የሚበልጥ ርዝመት ያገኛል። ጉዳትም አለው፤ ከታች በቅርብ የተነሣ ፊት አገጩ ይገዝፋል፣ ግንባሩ ይሸሻል።

ተቺዎቹ የያዙት ይህንኑ ጉዳት ነበር። ገና በ1928 አንድ የሞስኮ የፎቶግራፍ መጽሔት፣ ሮድቼንኮ የውጭ አገር ሰዎችን ሥራ ይቀዳል የሚል ፊርማ የሌለው ደብዳቤ አትሞ ነበር። የፓዮኒሮቹ ፎቶግራፎች ሲወጡ ክሱ ጠነከረ፤ ልጅቷ ሽቅብ መመልከቷ፣ የመለከተኛው ፊት መዛባቱ እንደ ፖለቲካ ስሕተት ተቆጠረ። ይዘትን ትቶ ለቅርጽ ያድራል ተብሎ ተወገዘ፤ አባል ከነበረበት ኦክቶበር ከተባለው የአርቲስቶች ቡድንም ተባረረ።

በ1933 ወደ ነጭ ባሕርና ባልቲክ ቦይ ተላከ። 227 ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው ይህ ቦይ በአብዛኛው በእጅ መሣሪያ፣ በእስረኞች ጉልበት የተቆፈረ ሲሆን በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች አልቀውበታል። ሮድቼንኮ በዚያ ያነሣቸው ፎቶግራፎች በውጭ አገር ጭምር በሚሠራጭ የመንግሥት መጽሔት ላይ ወጡ፤ የግዳጁ ሥራም እንደ ታላቅ ድል ሆኖ ታየ። ልጆቹን ከፍ ከፍ ያደረገው ያው የሠለጠነ ዓይን በዚህ ጊዜ መከራን ሸፈነ። የሕይወቱን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ይህን ሊዘለው አይገባም።

ከዚያ በኋላ ስፖርትንና ሰርከስን አነሣ፤ ወደ ሥዕልም ተመለሰ። በ1951 ከአርቲስቶች ኅብረት ተሰረዘ፤ በ1954 አባልነቱ ተመለሰለት። በታኅሣሥ 1956 በሞስኮ አረፈ።

ወደ ያዮው ቁልቁለት እንመለስ። ከሮድቼንኮ ሕይወት የምንማረው ካሜራን ማዘንበል ሁልጊዜ መልካም ነው ወይም ሁልጊዜ ነውር ነው የሚል ደንብ አይደለም። ለቃሚዋ ቅርንጫፍ ስባ ሰውነቷን ስታዘነብል፣ ካሜራው የእርሷን መስመር ቢከተል ድካሟንና ብልሃቷን ይመሰክራል። ቀጥ ብላ ቆማ ሳለች ያለምክንያት ቢዘነብል ግን የሚታየው ባለካሜራው እንጂ እርሷ አይደለችም። ስለዚህ መሣሪያውን ከማጋደላችን በፊት ልንጠይቅ የሚገባን፣ ይህ ማዘንበል ከፊታችን ስላለው ሰው የሚገልጠው ምንድን ነው፣ የሚሸሽገውስ ምንድን ነው የሚለውን ነው።