ዶክተር አክሊሉ ለማና የተከሉት የምርምር ቤት

አዲስ የምርምር ማዕከል ይቋቋም በተባለ ጊዜ፥ ብዙዎቻችን አስቀድሞ በዓይናችን የሚመጣው ሕንፃውና ከውጭ አገር የሚገዛው መሣሪያ ነው። ዛሬ ስለ ኳንተም ኮምፒዩተር ስናስብም ይኸው አሳብ ይቀድመናል። የዶክተር አክሊሉ ለማ ታሪክ ግን ማዕከል ከሕንፃ በፊት በጥያቄ እንደሚጀመር ያስረዳናልና፥ ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች በአጭሩ ልናቀርበው ወደድን።

ከጅማ ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ላይ እንዳለችው እንደ ሰርቦ ባሉ የቡና አገር ከተሞች ያደገ ሰው፥ በኦሮምኛ ሐንዶዴ የሚባለውን እንዶድን ያውቀዋል። እናቶቻችን ሳሙና ከመምጣቱ አስቀድሞ ፍሬውን እያደረቁና እየወቀጡ ልብስ ያጥቡበት ነበር። ነገር ግን በዚህ ተክል የተሰወረውን ሌላ ኃይል መርምረው ለዓለም ያሳዩት ዶክተር አክሊሉ ናቸው።

ዶክተር አክሊሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1935 በሐረርጌ ምድር ተወለዱ። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በ1964 የዶክትርነት ማዕረግ አገኙ። በዚሁ ዓመት የቢልሃርዚያን በሽታ ለመመርመር ወደ ዓድዋ ሄዱ። የዚህ በሽታ ትል በወንዝ ቀንድ አውጣ ውስጥ ካደገ በኋላ ወደ ውሃው ይወጣና በዚያ የቆመውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ስለዚህ ቀንድ አውጣው ከጠፋ የበሽታው መንገድ ይቆረጣል ማለት ነው። ዶክተሩም በወንዙ ዳር ሲመላለሱ፥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ መብዛቱን ተመለከቱ። ከአጣቢዎቹም አንዲቱን ለምነው የእንዶዱን አረፋ በሕይወት ባሉ ቀንድ አውጣዎች ላይ ባስጨመሩ ጊዜ፥ ጥቂት ቆይተው ሞቱ።

በዓይን የታየውን ነገር የተረጋገጠ ዕውቀት ለማድረግ ግን ቤተ ሙከራና የሠለጠኑ ባልደረቦች ያስፈልጉ ነበር። ስለሆነም በ1966 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂን ኢንስቲትዩት፥ ይኸውም የበሽታዎችን መነሻና አካሄድ የሚመረምረውን ተቋም አቋቁመው እስከ 1976 መሩት። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስም የእንዶድን ዓይነቶች ሰብስበው ሲያመዛዝኑ ቁጥር 44 የተባለውን መረጡ። ቀንድ አውጣውን የሚገድለው ንጥረ ነገር በካሊፎርኒያ ከሚሠሩ ኬሚስቶች ጋር ተለይቶ ከስማቸው ለማቶክሲን ተባለ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተደረገው ሙከራም፥ ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል ከመቶ 50 የነበሩት በሽተኞች ወደ 7 ዝቅ አሉ።

ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፥ የመርዝነቱ ጉዳይ ዕውቅና ባላቸው የውጭ ቤተ ሙከራዎች እንደገና ይመርመር ተባለና ብዙ ዓመታት አለፉ። እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ጥንቃቄ ማስፈለጉ እውነት ነው። ዳሩ ግን ዶክተር አክሊሉ ዋናው መሰናክል በአፍሪካ የተገኘ ውጤት በሌላው ዘንድ አለመታመኑ ነው ብለው አመኑ። መድኃኒቱም የአፍሪካን ቤተ ሙከራዎች ማጠናከርና ሰው ማሠልጠን መሆኑን፥ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ሲያገለግሉም ሳይቀር ደጋግመው አስረዱ። በ1989 ከዶክተር ለገሠ ጋር የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀበሉ። በ1997 ዐረፉ፤ ያቋቋሙትም ተቋም በስማቸው ተጠራ።

ለኳንተም ኮምፒዩተርም ሆነ ለቡና በሽታ ማዕከል ለመትከል የሚነሣ ወጣት ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛው፥ ሌላው አይቶ ያለፈውን ነገር ቆሞ መጠየቅ ነው። ሁለተኛው፥ መልሱን ማንም ሊያስተባብለው በማይችል ጥራት በአገር ቤት ማረጋገጥ ነው። ሕንፃውና መሣሪያው የሚያስፈልጉትም ለዚሁ ነው።