የቤን ሆጋን ግራ አንጓ

ጎልፍ የባለጸጎች መዝናኛ ነው ሲባል በሰማሁ ቁጥር ወደ አእምሮዬ የሚመጣው የብረት ቀጥቃጩ ልጅ ቤን ሆጋን ነው። እ.ኤ.አ. በ1912 በአሜሪካ ቴክሳስ ተወለደ። በ1922 አባቱ ራሱን ሲያጠፋ ገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ፎርት ዎርዝ ከተማ ውስጥ ጋዜጣ እየሸጠ ቆይቶ፣ ግሌን ጋርደን በተባለ ክለብ የሀብታሞችን የጎልፍ ዱላ ተሸካሚ፣ ማለትም ካዲ ሆነ። እዚያው አብሮት ዱላ ይሸከም የነበረው ባይረን ኔልሰንም በኋላ ስመ ጥር ተጫዋች መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሆጋን በ1930 በጎልፍ እንጀራውን ሊበላ ተነሳ። እንጀራው ግን አልተገኘም፤ ገንዘቡ እያለቀበት ደጋግሞ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ጠላቱ አንድ ነበር፦ “ሁክ” የሚሉት ምት። ኳሷ ወደፊት ትሄድና ድንገት ወደ ግራ ተጠምዝዛ ዛፍ ውስጥ ትገባለች። ይህ የሚሆነው ዱላው ኳሷን ሲመታ ፊቱ ከሚሄድበት አቅጣጫ ይልቅ ወደ ግራ ዞሮ ሲገኝ ነው። የሆጋን እጆች ፈጣን ስለነበሩ ዱላውን ያለ ልክ ያዞሩበት ነበር። ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያሸነፈው በ1940 ነው።

ዱላና ኳስ የሚገናኙበት ጊዜ የአንድ ሺህኛ ሰከንድ ግማሽ ያህል ነው። በዚህች ቅጽበት ማንም ምንም ማረም አይችልም፤ አንጓውና ክንዱ ቀድመው ቦታቸውን መያዝ አለባቸው። አብዛኛው ጀማሪ ኳሷን ከሣሩ ላይ ለማንሳት ሲል በቀኝ እጁ ይጭራል። ያኔ የግራ አንጓው ወደ እጁ ጀርባ ይታጠፋል፣ የዱላው ራስ እጆቹን ይቀድማል፣ ምቱም ጉልበት ያጣል። የሆጋን ግን ተቃራኒው ነበር። ግራ ክንዱ ወደ ውጭ እየዞረ፣ አንጓው ወደ መዳፉ በኩል ጎበጥ ብሎ፣ እጆቹ ኳሷን ቀድመው ይደርሱ ነበር። ስለዚህ ዱላው መጀመሪያ ኳሷን፣ ቀጥሎ መሬቱን ያገኛል።

ታዲያ እንዲህ አጥብቆ እያዞረ ሁኩን እንዴት ገደለው? መልሱን በ1955 ላይፍ መጽሔት ላይ ገለጸው። የግራ አውራ ጣቱን በዱላው እጀታ አናት ላይ አደረገ፤ ዱላው ወደ ላይ ሲደርስም አንጓውን ትንሽ ወደ ኋላ አጠፈው። ይህ የዱላውን ፊት ስለሚከፍተው፣ ሲወርድ የፈለገውን ያህል ቢያዞር አይዘጋበትም። በእኔ አስተያየት ይህ መድኃኒት ለሁሉም አይሆንም። ኳሷ ወደ ቀኝ ለምትሸሽበት ተራ ተጫዋች መርዝ ነው።

በየካቲት 1949 መኪናውን ሲነዳ አውቶቡስ ፊት ለፊት ገጨው። ባለቤቱን ቫለሪን ለማዳን በላይዋ ላይ ተወረወረ፤ በዚህም የራሱ ሕይወት ተረፈ፣ የመሪው ዘንግ የእሱን ወንበር ወግቶ አልፏልና። ዳሌው፣ ጎድኑና ቁርጭምጭሚቱ ተሰበሩ። የረጋ ደም ሳንባውን ስላሰጋው ሐኪሞች ከእግሮቹ ወደ ልብ የሚመለሰውን ትልቁን የደም ሥር አሰሩት። ከዚያ በኋላ እግሮቹ ዕድሜ ልኩን ሲያብጡ ኖሩ።

ከ16 ወራት በኋላ በሜሪዮን የአሜሪካ ኦፕን እግሮቹን በፋሻ ጠቅልሎ ቀረበ። በመጨረሻው ቀን 36 ጉድጓዶችን መጫወት ነበረበት። በመጨረሻው ጉድጓድ በአንድ ቁጥር ብረት የመታት ኳስ አረንጓዴው ላይ አረፈች፤ እኩል ሆነ፣ በማግስቱም ሎይድ ማንግረምንና ጆርጅ ፋዚዮን አሸነፈ። የዚያ ምት ፎቶግራፍ ዝነኛ ነው፤ የተነሳው ግን ኳሷ ከሄደች በኋላ ስለሆነ ስለ አንጓው ብዙ አይነግረንም።

በ1953 የማስተርስን፣ የአሜሪካ ኦፕንንና በካርኑስቲ የተካሄደውን የብሪታንያ ኦፕን አሸነፈ። የብሪታንያውን የተጫወተው ያን አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለ አንጓው መዞር በዝርዝር ያስተማረበት መጽሐፉ በ1957 ታተመ። ሆጋን ዘጠኝ ታላላቅ ዋንጫዎችን ወስዶ፣ በ1997 በፎርት ዎርዝ አረፈ።