የሉዊስ አርምስትሮንግ ደመወዝ

ስለ ጥሩምባ ነፊው ሉዊስ አርምስትሮንግ ሲወራ የሚነሣው ሳቁና ሻካራ ድምፁ ነው። እኔ ግን ስለ ደመወዙ ልጽፍ ወደድሁ።

ሉዊስ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1901 በአሜሪካ፣ በኒው ኦርሊንስ ከተማ ከድኻ ቤተ ሰብ ተወለደ። በ1922 መምህሩ ኪንግ ኦሊቨር ወደ ቺካጎ ጠርቶ በሙዚቃ ጓዱ ውስጥ አስገባው። በ1924 ያገባት ፒያኖ ተጫዋቿ ሊል ሃርዲን የባሏን ዋጋ ታውቅ ነበርና ከኦሊቨር እንዲለይ ገፋፋችው። በ1925ም ድሪምላንድ የተባለው የምሽት ክበብ በሳምንት 75 ዶላር እንዲከፍለው፣ ስሙም በማስታወቂያው ላይ ጎልቶ እንዲጻፍ አደረገች። የአገራችን አዝማሪ ሽልማቱ ግንባሩ ላይ ሲለጠፍ ያውቀዋል፤ የክበብ ሙዚቀኛ ግን ባለቤቱ በር ላይ የሚሰበስበውን አያይም። ስለዚህ ተከራካሪ ያስፈልገዋል።

ሁሉ ነገር ግን በክርክር አይፈታም። በ1931 ወንበዴዎች ቺካጎ ድረስ መጥተው፣ ኮኒስ ኢን ወደሚባለው የኒው ዮርክ ክበብ ተመልሶ እንዲጫወት አስፈራሩት። አልሄደም፤ ጓዱን ይዞ ከተማውን ለቀቀ። በ1935 ከንፈሩ ተጎድቶ፣ ገንዘብም አጥሮት ሳለ፣ ቀድሞ የተጫወተበትን ሰንሴት ካፌ ያስተዳድር ለነበረው ለጆ ግሌዘር ውሉንና ሒሳቡን ሁሉ ተወለት። ግሌዘር በ1969 እስኪሞት ድረስ ነገሩ በዚሁ ቀጠለ። ይህን ስንፍና የሚለው ይኖር ይሆናል፤ እኔ አልፈርድበትም። ሊል ብትሆን ግን ሒሳቡን ሳታይ የምታድር አይመስለኝም።

ሁለቱ በ1938 ተፋቱ። ሉዊስ በ1971 ሞተ፤ ሊልም ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ቺካጎ ውስጥ ለእርሱ መታሰቢያ በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ፒያኖ ስትጫወት ወድቃ ሞተች።