የይምርሐነ ክርስቶስ ገድልና የደራሲው ብልሃት

ከላሊበላ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በትልቅ ዋሻ ሆድ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ያሳነጸው ይምርሐነ ክርስቶስ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከነገሡት የዛጉዌ ነገሥታት አንዱ ነው። ሕይወቱን በአብዛኛው የምናውቀው ከገድሉ ነው፤ ገድሉ ደግሞ የተጻፈው ንጉሡ ካረፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። በፍርድ ቤት ቋንቋ የስሚ ስሚ ምስክርነት መሆኑ ነው። እኔ ግን እንደ ድርሰት ሳነበው ይበልጥ ይናገረኛል።

ስሙ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው፤ ደራሲውም ጭብጡን ያገኘው ከዚያው ከስሙ ነው። ይነግሣል የሚለው ትንቢት ቀድሞ ይመጣል፤ ዙፋን ላይ ያለው ዘመዱ ሊገድለው ያሳድደዋል፤ ይሰደዳል፣ ቅስና ይቀበላል፣ በመጨረሻም ይነግሣል። ሄሮድስን የማያስታውስ አንባቢ አለ? የላሊበላ ገድልም አሳዳጅ ዘመድ አያጣም።

ከሁሉ የሚገርመኝ የኅብስቱ ነገር ነው። ንጉሡ ሲቀድስ ኅብስቱና ወይኑ ከሰማይ ይወርድለት ነበር ይባላል። ለሚያምን ተአምር ነው። እንደ ተምሳሌት ላነበበው ደግሞ የንጉሡ እጅ ገበሬው ጎተራ እንዳልገባ ይነግረዋል። በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ቦታውን ያየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም፣ ይህ ንጉሥ ከገባሮቹ ግብር እንደማይወስድ፣ ያመጡለትንም ለድሆች እንደሚያከፋፍል ሰምቶ ጽፏል። ግብር የማይሰበስብ መንግሥት በተማርኩት የሕግ መጽሐፍ ሁሉ አላጋጠመኝም!

ደራሲው ይህን የጻፈው ዛጉዌዎች ዙፋን ቀሚ እየተባሉ በሚታሙበት በሰሎሞናውያን ዘመን ነው። ክርክር አልገጠመም። ቀሚ የተባለውን ንጉሥ ከማንም የማይቀማ አድርጎ ሣለውና አለፈ።