የናፍጣው ሰውዬ እና የአባቴ ፒክአፕ

ስሙን በየቀኑ ትጠሩታላችሁ፣ ሰውየውን ግን ምናልባት አታውቁትም። እኔም አላውቀውም ነበር። ዲዝል የሞተር ስም ብቻ ይመስለኝ ነበር እንጂ እናት ያለችው፣ ሚስት ያገባ፣ ዕዳ እንቅልፍ የነሳው ሰው ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ያስተዋወቀን የአባቴ መኪና ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቦቼ ዱርቤቴ ነው የሚኖሩት። አባቴ አንዲት አሮጌ ባለ ቱርቦ የናፍጣ ፒክአፕ አለችው። በእሷ እህል ወደ ባሕር ዳር ያመላልሳል፤ በርበሬ ሲደርስ ደግሞ ወደ ቡሬና ፍኖተ ሰላም ይሄዳል። ባለፈው ጥር ከዳንግላ ወደ እንጅባራ ስትወጣ ጉልበቷ ጥፍት አለ። ነዳጅ ሲሰጣት ጥቁር ጭስ ከመትፋት በቀር ወደፊት አልሄድ አለች። ያያት መካኒክ ኮፈኑን ከፍቶ ሁለት ደቂቃ አዳመጠና ቱርቦው ሞቷል፣ መቀየር አለበት ብሎ ፈረደ። የተጠራው ዋጋ አባቴ በዓመት ከመኪናዋ ከሚያተርፈው በላይ ነበር። አባቴ ምንም ሳይናገር ዝም አለ። ዝምታው ደስ አላለኝም።

እኔ ኢኮኖሚክስ ተመርቄ እየጻፍኩ ሥራ የምፈልግ ሰው ነኝ፤ ስለ ሞተር የማውቀው ነገር አልነበረም። በቃ ስልኬን ይዤ ስለ ቱርቦ ማንበብ ጀመርኩ። አንዱ ንባብ ሌላውን እየጎተተ ሩዶልፍ ዲዝል ጋ አደረሰኝ። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ሩዶልፍ የተወለደው ማርች 18 ቀን 1858 ፓሪስ ውስጥ ነው። ወላጆቹ ግን ጀርመናውያን ናቸው። አባቱ ቆዳ እየሠራ የሚያድር የእጅ ባለሙያ ነበር፤ ኑሯቸውም ከእጅ ወደ አፍ። በ1870 ፈረንሳይና ጀርመኖቹ ጦርነት ሲገጥሙ ቤተሰቡ ከፓሪስ ተባሮ ለንደን ገባ። ሩዶልፍ ያኔ 12 ዓመቱ ነው። ወላጆቹ ሊያሳድጉት ስላልቻሉ ብቻውን ወደ ጀርመኗ አውግስቡርግ፣ አጎቱና አክስቱ ዘንድ ላኩት። አጎቱ የሒሳብ መምህር ነበሩ። ከገጠር ከተማ ዘመድ ቤት ተልኮ የተማረ ሰው ይህን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል።

ልጁ ጎበዝ ነበርና ሙኒክ የሚገኘው ፖሊቴክኒክ ገባ። እዚያ ካርል ፎን ሊንደ የሚባለው የማቀዝቀዣ ማሽን ሊቅ ያስተምረው ነበር። አንድ ቀን ክፍል ውስጥ የሰማው ነገር ዕድሜውን ሙሉ አልለቀቀውም። የዘመኑ የእንፋሎት ሞተር ከሚያቃጥለው ነዳጅ ውስጥ ወደ ሥራ የሚቀይረው ከ10 በመቶ አይበልጥም፤ የቀረው ሁሉ ብክነት ነው። ሩዶልፍ ይህን ብክነት የሚቀንስ ሞተር ካልሠራሁ ብሎ ተነሣ።

በ1879 ታይፎይድ ያዘውና የመጨረሻ ፈተናው አመለጠው። ሌላ ፈተና እስኪመጣ ድረስ ስዊዘርላንድ፣ ቪንተርቱር ከተማ በሚገኘው የሱልዘር ፋብሪካ ሠራ። በሚቀጥለው ዓመት ተፈትኖ በከፍተኛ ማዕረግ ተመረቀ። ቪንተርቱርን አትርሷት፣ እንመለስባታለን።

ከዚያ ፓሪስ ሄዶ ለሊንደ የበረዶ ማሽን ሥራ ተቀጠረ፤ በ1883 ማርታን አግብቶ ሦስት ልጆች ወለዱ። ቀን ለደመወዙ ይሠራል፣ ማታ ለሞተሩ ያስባል። በ1892 የፈጠራ መብት ጠየቀ። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው፦ አየርን ብቻውን በጣም ብታምቀው ይግላል፤ በጋለው አየር ላይ ናፍጣ ብትረጭበት ያለ ምንም የእሳት ብልጭታ ራሱ ይቀጣጠላል። የናፍጣ መኪና ካንዴላ የሌላት ለዚህ ነው።

ሥራው ግን ቀላል አልነበረም። አውግስቡርግ ያለው የማሽን ፋብሪካና ክሩፕ ገንዘብ አወጡለት። በ1893 ኦገስት የመጀመሪያው ሙከራ ሲደረግ የግፊት መለኪያው ፈንድቶ ብትንትኑ ወጣ፤ ሰው ለጥቂት ተረፈ። በ1894 ፌብሩዋሪ ሞተሩ በራሱ ኃይል ለአንድ ደቂቃ ያህል ዞረ። አንድ ደቂቃ ብቻ! እንደገና ሦስት ዓመት ለፉበት። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1897 ፕሮፌሰር ሞሪትዝ ሽሮተር በይፋ ሲለኩት ከነዳጁ ኃይል 26.2 በመቶ ያህሉን ወደ ሥራ ቀየረ። የእንፋሎቱን እጥፍ ድርብ ማለት ነው።

በአንድ ጊዜ ሀብታም ሆነ። የአሜሪካን መብት ብቻ አዶልፈስ ቡሽ የተባለ ባለ ቢራ ፋብሪካ በ1 ሚሊዮን ማርክ ገዛው። ሩዶልፍ ሙኒክ ውስጥ ትልቅ ቪላ ሠራ። በ1900ው የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ሞተሩ በኦቾሎኒ ዘይት ሲሠራ ታየ። ሰውየው ሞተሩን ሲያስብ የነበረው ለአናጺው፣ ለሸማኔው፣ ለትንሹ ባለሙያ ነው፤ ትልቅ የእንፋሎት ፋብሪካ የሌለው ሰው በትንሽ ሞተር ራሱን እንዲችል። በ1903 ደግሞ ሠራተኞች ጥቂት ጥቂት እያዋጡ የራሳቸው ድርጅት ባለቤት ስለሚሆኑበት መንገድ መጽሐፍ ጻፈ። እቁብና ማኅበር ለለመድነው ለእኛ ሐሳቡ እንግዳ አይደለም። መጽሐፉ ግን ገዢ አላገኘም ማለት ይቻላል።

የነዳጅን ብክነት ቆጥሮ የማይጨርሰው ሰው የገዛ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚፈስ አላየም። ቦታና ቤት እያገበያየ ከሰረ፤ በነዳጅ ጉድጓድ ላይ ገንዘብ አፍስሶ ከሰረ። መብቱ የእሱ አይደለም የሚሉ ሰዎች ክርክር ጤናውን በላው፣ ራስ ምታት አልጋ ላይ ጣለው። ቪላው እንደቆመ ነው፣ እንግዳ ይመጣል፣ ግብዣ አለ። ከውጭ ለሚያየው ሚሊየነር ነው። የሒሳብ መዝገቡን ግን ለሚስቱ እንኳ አላሳየም።

ሴፕቴምበር 29 ቀን 1913 ከአንትወርፕ ወደ እንግሊዝ በምትሻገር ድሬስደን የምትባል መርከብ ተሳፈረ። እራቱን በልቶ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ቀስቅሱኝ ብሎ ወደ ክፍሉ ገባ። ጠዋት ሲፈለግ የለም፤ አልጋው አልተተኛበትም። ከአሥር ቀን ገደማ በኋላ አንድ የኔዘርላንድ ጀልባ አስከሬን ባሕር ላይ አገኘ፤ ኪሱ ውስጥ የነበሩትን ዕቃዎች ልጁ ኦይገን የአባቴ ናቸው አለ። ተገደለ የሚሉ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። ብዙዎች ግን ራሱን ወደ ባሕሩ ጣለ ብለው ያምናሉ። ከመሄዱ በፊት ለማርታ አንድ ቦርሳ ሰጥቷት፣ እስከሚቀጥለው ሳምንት እንዳትከፍቺው ብሏት ነበር። ስትከፍተው 20 ሺህ ማርክ ጥሬ ገንዘብና ባንክ ውስጥ ምንም እንዳልቀራቸው የሚያሳይ ወረቀት አገኘች። ሙሉ ዕዳቸውን ያወቀችው ያን ቀን ነው። 55 ዓመቱ ነበር።

ይህን ያነበብኩት ሌሊት ነው፣ አባቴ ሳሎን ቁጭ ብሎ። አላስቻለኝም፤ ተነሥቼ ለቱርቦው ገንዘብ ከየት ልታመጣ ነው ብዬ ጠየቅሁት። ከብዙ ዝምታ በኋላ ከአንድ አራጣ አበዳሪ ጋር መነጋገሩን፣ ለእማዬ እንዳልነገራት ነገረኝ። አንድ ሳምንት ስጠኝ አልኩት።

አሁን ወደ ቪንተርቱር እንመለስ። ሩዶልፍ ፈተናውን እየጠበቀ እዚያ በሠራበት በዚያው 1879 ዓመት፣ በዚያችው ከተማ አልፍሬድ ቡኺ የሚባል ልጅ ተወለደ። ልጁ አድጎ መሐንዲስ ሆነና፣ ከነዳጁ ሙቀት ሲሶ ያህሉ ከጭሱ ጋር ወጥቶ እንደሚጠፋ አስተዋለ። በ1905 ጭሱ አንዱን ጎማ እንዲያዞር፣ በዚያው ዘንግ ላይ ያለው ሌላ ጎማ ደግሞ አየር አምቆ ለሞተሩ እንዲያጎርስ የሚያደርግ ፈጠራ አስመዘገበ። ቱርቦ ማለት ይኸው ነው። በ1920ዎቹ አጋማሽ ሁለት የጀርመን መርከቦች ላይ ሲገጠም የሞተሮቹን ጉልበት ከ1750 ወደ 2500 የፈረስ ጉልበት ከፍ አደረገው። ለእኛ አገር ደግሞ ጥቅሙ የባሰ ነው። ዱርቤቴ ያለችበት 2000 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ከባሕር ጠረፉ በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ እንጅባራ ስትደርሱ ይብስበታል። ናፍጣው ሞልቶ አየር ሲያንስ ሳይቃጠል የሚቀረው ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል።

ስለዚህ የጭሱ ትርጉም ቱርቦ ሞተ ሳይሆን አየር አነሰ ነው። አየር የሚያንስበት ምክንያት ደግሞ ብዙ ነው፤ ከርካሹ መጀመር ይሻላል። አንድ ሽማግሌ መካኒክ ለመንኩና ሞተሩ ቀዝቅዞ አብረን በተራ አየነው። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮው፤ አቧራ ጠጥቷል፣ ግን ያን ያህል አይደለም። ቀጥሎ ከኋላ ያለው የቱርቦው በር፣ ማለትም ግፊት ሲበዛ ጭሱን የሚያስተነፍሰው፣ ክንዱ ይንቀሳቀሳል ወይስ ተጣብቋል? ይንቀሳቀሳል። ወደ እሱና ወደ ናፍጣ ፖምፓው የሚሄዱት ቀጫጭን ቱቦዎችም ደኅና ናቸው። ከዚያ የቱርቦውን ዘንግ በጣት አዞርነው፤ በነፃ ይዞራል፣ ወዲህ ወዲያ አይልም፣ ምላጮቹ ቤቱን አልነኩም፣ ዘይትም አልተፋም። እንግዲህ ሞቷል የተባለው በሕይወት አለ!

መጨረሻ ላይ ከቱርቦው ወደ ኢንተርኩለሩ የሚሄደውን ወፍራም የጎማ ቱቦ ከሥሩ በእጁ ዳሰሰው። ዘይት የተቀባ የሚመስል እርጥብ መስመር ነበር። ጠምዘዝ ሲያደርገው ስንጥቁ አፉን ከፈተ። ቆማ ስትሠራ ይዘጋል፣ ዳገት ላይ ግፊት ሲመጣ ይከፈታል፤ የታመቀው አየር ሁሉ በዚያ ይወጣል። ቱቦና ሁለት ማሰሪያ ቀየርን። ዋጋው ከቱርቦው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። በማግስቱ እንጅባራን ጭስ ሳታሳይ ወጣች።

ዳገቱን ከጨረስን በኋላ አባቴ ሞተሩን ወዲያው እንዳያጠፋ፣ አንድ ሁለት ደቂቃ በዝግታ እንዲያሠራው ነገርኩት። ቱርቦው በደቂቃ ከመቶ ሺህ ዙር በላይ ሲሽከረከር የቆየ ነው፤ ዘይቱ ድንገት ከተቋረጠበት ዘንጉ ይቃጠላል። እሺ ብሎ ጠበቀ። በዚያች ሁለት ደቂቃ ውስጥ ስለ ሩዶልፍ ዲዝል፣ ስለ ቦርሳውና ስለ ማርታ ነገርኩት። ምንም አልመለሰልኝም።

ማታ ቤት ስንገባ ግን እማዬን ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጣት፣ ሊበደር የነበረውን ገንዘብና ሌላም እኔ የማላውቀው የቆየ ዕዳ ነገራት። እሷ ተቆጣች፣ ከዚያ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጣ አለችኝ። እስከ አምስት ሰዓት ሌሊት ድረስ ሒሳብ ስንሠራ አመሸን።