የዋግሹም ጎበዜ ትውልድ

አንባቢ ሆይ፤ የታላላቅ ሰዎች ትውልድ ሲቈጠር ክብሩን ብቻ መስማት እንወዳለን። እስቲ በሰቆጣ ይገዛ የነበረውን የዋግ ሹሞች ቤት ተመልከት። እነዚህ ዘራቸውን ከዛጔ ነገሥታት ይቈጥሩ ነበር። በ1262 ዓ.ም. ይኩኖ አምላክ መንግሥቱን ሲይዙ፣ ዋግ ለዛጔ ወገን ርስት ሆና እንደ ቀረች በትውፊት ይነገራል።

ከ600 ዓመት በኋላ ከዚሁ ቤት የተወለዱትን ዋግሹም ገብረ መድኅንን ዐፄ ቴዎድሮስ አስገደሏቸው። ልጃቸው ጎበዜም ሸፈቱ። ቴዎድሮስ በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ላይ በሞቱ ጊዜ፣ ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ፤ በጎንደርም አብያተ ክርስቲያናትን አሳደሱ። ይህ መልካም ሥራቸው ዛሬ እምብዛም አይነሣም።

ባለቤታቸው ድንቅነሽ ምርጫ ግን የትግሬው ገዥ የደጃዝማች ካሳ እኅት ነበሩ። ካሳ አልገብርም ቢሉ ተክለ ጊዮርጊስ በአማታቸው ልጅ ላይ ዘመቱ፤ ጋብቻው ሰይፉን አላስቀረም። ሠራዊታቸው በቍጥር ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ካሳ እንግሊዞች ከመቅደላ ሲመለሱ የሰጧቸው መድፍና ጠመንጃ ነበራቸው። በሐምሌ 1863 ዓ.ም. በዐድዋ አጠገብ ተክለ ጊዮርጊስ ተሸንፈው ተማረኩ።

አንባቢ ሆይ፤ እስቲ ድንቅነሽን አስብ። በጥር 1864 ዓ.ም. ወንድማቸው በአክሱም ዐፄ ዮሐንስ ተብለው ነገሡ፤ ባላቸው ግን ከእስር ሳይወጡ ሞቱ።