የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ የሕይወት ታሪክ

ውድ አንባቢ ሆይ፤ በአዳማ ወይም በሞጆ፣ በባቱ ወይም በሻሸመኔ የምትኖር ብትሆን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ልጆች በአቧራው ሜዳ ላይ የጨርቅ ኳስ ሲያባርሩ ሳታይ አትቀርም። ምናልባትም አንተ ራስህ ከእነርሱ አንዱ ነበርህ። ጎሉ ሁለት ድንጋይ ነው፤ ዳኛ የለም። ስለዚህ አንዱ ገብቷል ሲል ሌላው አልገባም ይላል፤ ጉልበተኛው ደካማውን አታስገቡት ብሎ ያባርራል። ይህን ያየ ሰው ጨዋታ ከንቱ ነገር ነው ብሎ ያልፍ ይሆናል። ነገር ግን የሰው ጠባይ ተሸፍኖ የማይቀርበት ስፍራ ቢኖር ይህ ነው። ከዚህ ዓይነት ሜዳ ተነሥቶ፣ ማን ይግባ ማን ይውጣ በሚለው ክርክር ላይ ዕድሜውን ያሳለፈ የአንድ ኢትዮጵያዊ ታሪክ እነግርህ ዘንድ ፍቀድልኝ።

አቶ ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. መስከረም 1 ቀን፣ በእንቁጣጣሽ ዕለት፣ በጅማ ተወለዱ። አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በግጥማቸውና በዘፈናቸው ስመ ጥር የነበሩ፣ ጀርመን አገር ሄደው ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ ሰው ናቸው። የእንዲህ ያለ አባት ልጅ በአባቱ ዝና ተደግፎ መኖር ይቀልለዋል፤ እኛም በየከተማችን የምናውቃቸው እንዲህ ያሉ አሉ። አቶ ይድነቃቸው ግን ስማቸውን ያገኙት በገዛ እግራቸው ነው።

በ1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በአራዳ ሰፈር ወጣቶች ተሰብስበው ቅዱስ ጊዮርጊስ የተባለውን ቡድን አቆሙ። ይድነቃቸው ያን ጊዜ የ14 ዓመት ልጅ ሲሆኑ ከዚያ ቡድን ጋር መጫወት ጀመሩ። ዘመኑን አስተውል፤ የጣሊያን ጦር ወደ አገራችን ገብቶ ወደ ዋና ከተማው ሲገሰግስ የነበረበት ዓመት ነው። ጥቂት ወራት ቆይቶ ከተማው በጠላት እጅ ወደቀ። ገዢዎቹም በሁሉ ነገር ነጭንና ጥቁርን እንደ ለዩ በኳስም ለዩ፤ የአገሩ ተወላጅ ከጣሊያን ጋር በአንድነት እንዳይጫወት ከለከሉ። የቡድኑንም ስም ለውጠው ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር አሉት። ወጣቱ ይድነቃቸው በገዛ አገሩ ሜዳ ላይ፣ በቆዳው ምክንያት ለብቻው እንዲጫወት ተደረገ። ይህን ነገር በልብህ ያዝ፤ ኋላ እንመለስበታለን።

ነጻነት በ1933 ዓ.ም. ከተመለሰ በኋላ ቡድኑ የቀድሞ ስሙን ይዞ ቀጠለ። የኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን እንዲቋቋምም አቶ ይድነቃቸው ከደከሙት መካከል ዋነኛው ናቸው። በኅዳር 1940 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን ግጥሚያ በአዲስ አበባ አድርጎ የፈረንሳይ ሶማሌላንድን ቡድን 5 ለ 0 አሸነፈ። እሳቸውም ለቅዱስ ጊዮርጊስ እስከ 1950 ዓ.ም. ድረስ ተጫወቱ። ሃያ ሦስት ዓመት፣ በአንድ ማልያ! ዛሬ ተጫዋች በየዓመቱ ቡድን ሲለውጥ የምታይ አንተ፣ ይህን ቍጥር እንደ ተራ ነገር አትለፈው።

ገና ማልያቸውን ሳያወልቁ ሌላ ሥራ ያዙ። በየካቲት 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪካ መልእክተኞች በካርቱም ተሰብስበው የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን መሠረቱ፤ አቶ ይድነቃቸውም ከመሥራቾቹ አንዱ ናቸው። የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ በዚያው ይደረግ ነበርና ኢትዮጵያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ልትገጥም ዕጣ ወጣ። ደቡብ አፍሪካውያኑ ግን ወይ ነጮች ብቻ ያሉበት ወይ ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንልካለን እንጂ ሁለቱን አንቀላቅልም አሉ። የቀሩት ይህን አልተቀበሉም፤ ደቡብ አፍሪካም ከውድድሩ ወጣች። ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ ደረሰች፤ በፍጻሜውም ግብፅ 4 ለ 0 አሸነፈቻት። ባላጋራህ ሲቀር ማለፍ ክብር አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነት ነው። ነገር ግን በጠላት ዘመን ለብቻህ ተጫወት የተባለ ሰው፣ ሌላው ለብቻው እንዲጫወት እሺ ቢል ምን ይባል ነበር?

አሁን ወደ 1954 ዓ.ም. እንምጣ። ሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሆነ፤ የብሔራዊው ቡድን አሰልጣኝም አቶ ይድነቃቸው ነበሩ። ቱኒዚያ 4 ለ 2 ከተሸነፈች በኋላ፣ ጥር 13 ቀን፣ ጥምቀት ካለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ከግብፅ ጋር የፍጻሜው ግጥሚያ ተደረገ። ግብፅ በዚያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር፤ የፊተኞቹን ሁለት ዋንጫዎች የወሰደችም እርስዋ ናት። በ35ኛው ደቂቃ ግብፅ ቀደመች። መሸነፍ ቀርቦ ሳለ በ74ኛው ደቂቃ ግርማ ተክሌ አገባ፤ ሕዝቡ እልልታውን ሳይጨርስ፣ በሚቀጥለው ደቂቃ፣ ግብፅ እንደ ገና አገባች። ስንቱ ቡድን በዚህ ልቡ ይሰበራል! በ84ኛው ደቂቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ አስተካከለ። በተጨመረውም ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከታትለው አገቡና 4 ለ 2 ሆነ።

የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ነበረ፤ ኢታሎም ወንድሙ ነው። አባታቸው ጣሊያናዊ፣ እናታቸው ኤርትራዊት ናቸው። የጦርነቱ ቍስል ገና ባልጠገገበት ዘመን፣ ጣሊያኖች ከሜዳ የለዩት አሰልጣኝ የጣሊያናዊን ልጅ በቡድኑ ራስ ላይ አቆመ። ሉቺያኖም ዋንጫውን ከግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። እኔ የዚህን ሰው ሕይወት ባሰብሁ ጊዜ ከጎሎቹ ሁሉ ይልቅ በዓይኔ የሚታየኝ ይህ ነው።

ከዚህ በኋላ ትግላቸው በጉባኤ አዳራሽ ሆነ። ለ1958ቱ የእንግሊዝ የዓለም ዋንጫ ፊፋ ለአፍሪካ አንድ ስፍራ እንኳ አልለየም ነበር፤ የአፍሪካ አሸናፊ ከእስያ በኩል ካለፈው ጋር ተጋጥሞ ይለፍ ተባለ። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን በፊት ሆነው አፍሪካ ከውድድሩ እንድትቀር አደረጉ። ፊፋ ቀጣት፤ እነርሱ ግን አልተመለሱም። በ1962 ዓ.ም. በሜክሲኮ ለአፍሪካ የራሷ ስፍራ ተሰጣትና ሞሮኮ ሄደች። ለ2018ቱ የዓለም ዋንጫ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ለ2026፣ ለአፍሪካ የተለዩት ስፍራዎች ዘጠኝ ናቸው። አቶ ይድነቃቸው በ1964 ዓ.ም. የኮንፌዴሬሽኑ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ፤ ደቡብ አፍሪካም በዘር መለየቷ ምክንያት በ1968 ዓ.ም. ከፊፋ ተባረረች።

በሁሉ ትክክል ነበሩ አልልህም። በእሳቸው ዘመን ኮንፌዴሬሽኑ፣ ከአህጉሩ ውጭ የሚጫወቱ ልጆች ለአገራቸው ሲሰለፉ ከሁለት እንዳይበልጡ የሚል ሕግ ነበረው፤ ይህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር እስከ 1982 ጸንቶ ቆየ። ኳስን ለገንዘብ መሸጥ እሳቸውን ያስጨንቃቸው ነበር። ነገር ግን ቤቱ የሚበላ የሌለው ልጅ ችሎታውን ይዞ ባሕር ቢሻገር፣ በአገሩ ማልያ ፊት በሩን መዝጋት ይከብዳል። የአልኮልና የትምባሆ ማስታወቂያ በተጫዋች ደረት ላይ እንዳይለጠፍ የተከራከሩት ግን፣ እንደ እኔ አሳብ፣ በቅን ነው፤ ደረቱን የሚያየው ያ በአቧራ የሚጫወተው ልጅ ነውና።

አቶ ይድነቃቸው በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ 13 ቀን፣ ልጆች ሆያ ሆዬ በሚሉበት በቡሄ ዕለት ዐረፉ። 66 ዓመት ሊሞላቸው 24 ቀን ቀርቷቸው ነበር። ያን ጊዜም ገና የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ።